ፊልም የማያዩት ጋሽ አራጌ

የጋሽ አራጌን ሞት የሰማሁት የሠርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩ ነው። የሙሽሪት እናት ከጀርባዬ ቆመው፣ እዚህ ጋ እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እዚያ ጋ የወንዱ ወገን በዝቷል እያሉ ያስቆርጡኛል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አብሮኝ የተማረ የመርሳ ልጅ የላከው መልእክት ነበር፤ «ጋሽ አራጌ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት» ይላል። ሰዓቱን ሳይ ዘጠኝ አልፏል። መልእክቱ የተላከው ጠዋት ነው፤ የኛ አገር ኔትወርክ እንደሆነ ደስ ሲለው ነው የሚያደርሰው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ከሰውየው ጋር ያልጨረስኩት ክርክር ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወልድያ ተቀምጬ፣ እንዲህ ቢሉኝ እንዲህ እላቸዋለሁ እያልኩ መልስ ሳዘጋጅ ከርሜ፣ እሳቸው መልሴን ሳይሰሙ ሄዱ። የሙሽሪት እናት «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ «ምንም» ብዬ የእህታቸውን ዓይን መቁረጤን ቀጠልኩ።

ጋሽ አራጌ መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ፣ የስልክ ሽፋንና የቻርጀር ገመድ በበሯ የተንጠለጠለባት ሱቅ ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። ቀጥለው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። አገሩ ሁሉ ስልክ ሲይዝ ደግሞ ፊልም በስልክ ሚሞሪ ካርድ መጫን ጀመሩ፤ ኢንተርኔት የማያገኘው ገበሬ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደሳቸው ይመጣል። ከሱቋ ኋላ ያለውን የቪዲዮ ቤት አዳራሽ ግን አልዘጉትም። በገበያ ቀን ሰው የያዘውን ሸጦ፣ መኪናው እስኪሞላ አረፍ የሚልባቸው አግዳሚዎችና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበሩበት።

የሰውየው አመል እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀመር ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያደርጉና ጀርባቸውን ለፊልሙ፣ ፊታቸውን ለሰው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፊልም አያዩም። ሰው ነው የሚያዩት። «ፊልሙ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ሰው ነው» ይላሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከሳቡ ጥሩ ነው። ከኋላ ያለው ከተነሣና ቆሞ ማየት ከጀመረ በጣም ጥሩ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን መፈለግ ከጀመሩ ግን አለቀ፤ ፊልሙ አንድ ሰዓት ቢቀረውም አልቋል። በዚህ ዓይናቸው የመረጡትን ብቻ ነው በሚሞሪ የሚጭኑት። ስለዚህ ሰው የፊልሙን ርዕስ አይጠይቅም፤ «አራጌ የሰጠውን» ይላል።

ስርጭታቸው ደግሞ ኮታቸው ውስጥ ነበር። ቀኝ ኪሳቸው የውርጌሳ መስመር፣ ግራው የሐራ፣ የደረት ኪሳቸው የወልድያ ነው። የተጫኑትን ሚሞሪዎች ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተው ለሚኒባስ ረዳቶች ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ወልድያ ካፌ ተቀምጠን እኛ የፊልም ተማሪዎች ስለ ስርጭት ስንከራከር፣ አጠገባችን ባጃጁን ያቆመው ልጅ ስልኩ ላይ የሚያየው ፊልም በክብሪት ቀፎ የመጣ እንደሆነ አናውቅም ነበር።

እሳቸውን ያወቅኋቸው በትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ነው። የመመረቂያ ሥራችን አንድ አጭር ፊልምና ከሱ ጋር የሚቀርብ ጽሑፍ ነበር፤ የጽሑፉ ግማሽ ስለ ፊልም ቋንቋ፣ ግማሹ ስለ ስርጭት። ፊልሙ ከግቢ ውጪ ላለ ሕዝብ መታየት አለበት፤ እስከ መጨረሻው ያዩ ሰዎች አስተያየትም መያያዝ አለበት። አዳራሽ ፍለጋ ወልድያን ዞርኩ። አንዱ ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ሳመጣለት ደብዳቤው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል አለኝ። ሌላው እሺ ብሎ በቀኑ መብራት ጠፋ። በመጨረሻ ያ የመርሳ ልጅ ስለ ጋሽ አራጌ ነገረኝና ከወልድያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ንግግራችን ዛሬም ያሳፍረኛል። ደብተሬን ዘርግቼ ስለ ካሜራ አቀማመጥ አስረዳኋቸው። ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ሰው ደካማ ይመስላል፣ ከታች ወደ ላይ ከሆነ ኃይለኛ ይመስላል አልኩ። ሚሞሪ በኮታቸው ጫፍ እየወለወሉ ጨርሰው ሰሙኝ። ክሎዝ አፕ ማለት የሰውን ፊት አቅርቦ ማሳየት ነው ስላቸው ግን ቀና አሉ።

«ሰውየው ፈቅዶልሽ ነው የምትቀርቢው?» አሉኝ።

ተዋናይ ነው ጋሼ፣ ይፈቅዳል አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ ሚሞሪያቸው ተመለሱ። መስማማት ይሁን መቃወም እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ነበሩ፤ ጥያቄ ይጥሉብሽና መልስሽን ሳያርሙ ይተዉሻል። አንድ ወር ሙሉ በየገበያው ቀን ከወልድያ እየተመላለስኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የስርጭት ስልታቸውን ልጻፍ ብዬ ስጠይቅ «እዪ» ይሉኛል። ምን ልይ? የማየው ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው። ደብተሬ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ይመለሳል፤ እኔ በግኜ እመለሳለሁ።

ፊልሜ ስለ አንዲት የውርጌሳ እናት ነበር። ልጇ በባሕር ወደ ሳውዲ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። እናት በየቀኑ ወደ አስፋልቱ ወርዳ ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ ትጠብቃለች። የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ ዞራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ቤቷ ደርሳ በሩን ስትከፍት ነው ልጁ መምጣት አለመምጣቱ የሚታወቀው። የተወነችልኝ አክስቴ ናት። ያ መንገድ፣ አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄድበት፣ አራት ደቂቃ ነው። ቃል የለም፣ ዜማ የለም፤ የነፋሱንም የእግሯንም ድምፅ ሆን ብዬ አጥፍቼዋለሁ። መምህራችን ዝምታ የፊልም ትልቁ ቋንቋ ነው ሲሉን ነው የከረሙት። እነዚያን አራት ደቂቃዎች እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማያቸው።

ጋሽ አራጌ ፊልሙን ላሳይዎት ስል እንቢ አሉ። በአፍሽ ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። መንገዱ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ስንት ደቂቃ ነው ይሄ ዝምታ?»

«አራት ነው ጋሼ።»

«ቁረጪው። ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። ቆርጠሽ ካመጣሽ በሚመጣው ገበያ አሳይልሻለሁ፤ በሚሞሪም እልክልሻለሁ።»

ለመንኩ፣ ተከራከርኩ። መምህሬ ያሉትን ሁሉ ደገምኩላቸው። «መምህርሽ የሚያውቁትን ያውቃሉ» አሉና ሰው አስተናገዱ። ወልድያ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ቆረጥኩት፤ መልሼ ቀጠልኩት። ብቆርጠው መምህሩ ውጤቴን ይቆርጡታል፤ ባልቆርጠው ፊልሙን የሚያሳይልኝ የለም። ማስረከቢያው ደግሞ ሊደርስ ነው። ያደረግሁትን ልናዘዝ። ያልተቆረጠውን በፍላሽ ይዤ ሄድኩና «ቆርጬዋለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

አላዩትም። ሌላ ሰው ቢሆን ከፍቶ ያረጋግጣል፤ እሳቸው ግን ፊልም አያዩማ። «ካልሽ በቃ» ብለው፣ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ሰው እስኪያየው ሳይጠብቁ፣ ያን ጠዋት እዚያው ፊቴ ጫኑት። ክብሪት ቀፎዎቹ በየሚኒባሱ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ሐራ፣ ወደ ወልድያ ሄዱ። በመርሳም ስልኩን ላመጣ ሁሉ ሰጡ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ።

በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ቦታ ፊልሙም የጋሽ አራጌ ፊትም ይታያል። መጀመሪያው ደህና ሄደ። እናትዬው አውቶቡሱን ስትጠብቅ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳቡ። ከኋላ ሁለት ሰው ተነሥቶ ቆመ።  የመጨረሻው መኪና አለፈና አክስቴ ዞረች። ድምፁ ጠፋ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ «ድምፁ ሄደ» አለ። ሌላው ገመዱን ንኩት አለ። ፊት የተቀመጠች ሴትዮ ተነሥታ ድምፅ ማጉያውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ጋሽ አራጌ ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞሩም። በሰዉ ራስ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። ወንዶቹ ጎንበስ ብለው ዱላቸውን ፈለጉ። ውጪ የውርጌሳው ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲነፋ የቀሩትም ወጡ። አክስቴ ቤቷ ስትደርስ አዳራሹ ባዶ ነበር። መጨረሻውን ያየ አንድም ሰው የለም፤ ጋሽ አራጌም ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

ቴሌቪዥኑን አጥፍተው «ዋሸሽኝ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አዎ አልኩ። «ለሚመጣው ገበያ በጠዋት ነይ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚመጣው ገበያ ሄድኩ። ሱቋ ገና ከመከፈቷ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ስልኩን ይዟል። «አራጌ፣ ድምፁ የተበላሸ ነው የሰጠኸን» ይላሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ጋሽ አራጌ በርጩማ አምጥተው በሩ ላይ አስቀመጡኝና ለመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ «አልተበላሸም። ልጅቱ አስባበት ነው። ምክንያቱን እሷው ትነግራችኋለች።»

ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ነገርኩ። አንዱ አስቦ ዝም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀ። አንዷ ምስኪን፣ ገንዘብ አጥሯት ነው አለችና አዘነችልኝ። አንድ ሹፌር ሌላ ፊልም እንዲጭኑለት ስልኩን በእኔ ራስ ላይ አሳልፎ ሰጣቸው። ጋሽ አራጌ እየጫኑ ይሰማሉ። አንዴም አልረዱኝም፤ አንዴም አልሳቁብኝም።

ከደጋው፣ ከጉባ ላፍቶ በኩል የወረዱ አንድ አዛውንት ግን አልሄዱም። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እናትየዋ ለምንድነው ዝም የምትለው?» አሉኝ።

ሐዘኗ ከቃል በላይ ስለሆነ ነው አባባ አልኳቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ስንት ጊዜ እንዳልኩት።

«የኛ ልጅ ከወጣ አምስተኛ ዓመቱ ነው» አሉ። «እናቱ ከመንገድ ስትመለስ ዝም ብላ አታውቅም። ታንጎራጉራለች። ከላሟ ጋር ታወራለች። አንዳንዴ እኔን ትሰድባለች። ዝም ያለች ቀን ነው እኔ የምፈራው።»

 ሽማግሌው ስልካቸውን ተቀብለው፣ ሌላ ፊልምም ሳያስጭኑ፣ ደህና ዋይ ብለውኝ ሄዱ። ጋሽ አራጌን አየኋቸው። ሰምተዋል። ያን ጊዜ እንኳ አየሽ፣ ነግሬሽ አልነበር ቢሉኝ እከራከራለሁ፤ እሳቸው ግን የቀጣዩን ደንበኛ ስልክ ተቀበሉ። ማታ ሲዘጉ፣ ለምን ተበላሽቷል ብለው አይገላግሉኝም ነበር ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ላይ ጮህኩ።

«ተበላሽቷል ብል ያጠፉታል» አሉኝ። «አስባበት ነው ካልኩ ይጠይቁሻል። አንቺ የምትፈልጊው የቱን ነው?»

እኔ የምፈልገው ወረቀት ነበር። ተመልካች እስከ መጨረሻው አይቶታል የሚል፣ የሳቸው ፊርማ ያለበት ወረቀት። ይህንንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አላዩማ አሉ። ጋሼ፣ ለውጤት ነው፣ ማንም አያጣራም ብዬ ለመንኩ። «ያላዩትን አዩ ብዬ አልፈርምም» ብለው ቁልፉን አዞሩ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። ጽሑፌ ላይ በገዛ እጄ «ተመልካቹ ፊልሙን በጥልቅ ዝምታ ተከታትሎታል» ብዬ ጻፍኩ፤ የአስተያየት ወረቀቱን አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ሞሉልኝ። መምህራችን አራቱን ደቂቃ ለክፍሉ በምሳሌነት ጠቀሱት። ኤ አገኘሁ።

ኤዬን ይዤ መርሳ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አውቀዋለሁ፤ ማሸነፌን ላሳያቸው ነው። ጋሽ አራጌ ከወንበራቸው ተነሡ። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና እሰየው፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እናትሽም እንኳን ደስ ያላት አሉኝ። ደስታቸው የእውነት ነበር፤ ይኸው ነው የባሰ ያናደደኝ። ከዚያ ተቀመጡና ጠየቁኝ።

«መምህርሽ ፊልሙን ለማን አሳዩት?»

ለማንም አልኳቸው። በሲዲ ሆኖ የትምህርት ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

«አሃ» አሉ። የደንበኛ ሚሞሪ አንሥተው መወልወል ጀመሩ።

እስኪቀጥሉ ቆሜ ጠበቅኩ። አልቀጠሉም። ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ፤ እስከ ወልድያ ድረስ ደሜ ፈልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አንዴ መንገዱ ተዘጋ፣ አንዴ ሥራ በዛብኝ፣ አንዴ ደግሞ ኩራት ያዘኝ። እመለሳለሁ ስል ሁለት ዓመት ሞላ። በውስጤ ግን ያን «አሃ» ስመልሰው ነው የኖርኩት።

ለሳልስቱ መርሳ ሄድኩ። የቅሬው፣ ማለት የዕድሩ፣ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ሲያዩኝ አወቁኝ። «የዝምታዋ ልጅ» ብለው ለጎረቤታቸው አስተዋወቁኝና አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ይልቅስ፣ ለቅሶ ቤት የማይጠየቅ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ጋሼ ያን ፊልሜን ኋላ አይተውት ያውቁ ይሆን አልኩ።

«እሱ?» አሉ። «የልጁን የሠርግ ቪዲዮ እንኳ አላየም። እኛ ስናይ እኛን ሲያይ ነው ያመሸው።»

እንደዚያ ከሆነ በቃ፤ እሳቸውም አላዩትም። ብስጭቴን ይዤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ። እኚያ የደጋው ሽማግሌ ነበሩ፤ በጣም ከስተዋል።

«እሱን ፊልም የድምፁ ነገር አስቸግሮኝ አልጨረስኩትም፤ ስልኩም ኋላ ተበላሸ» አሉኝ። «ልጁ መጣ?»

 መጨረሻውን የማውቀው እኔ ነኝ። አክስቴ በሩን ትከፍታለች፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ ፊልሙ ያልቃል። ለመምህሩ ጎበዝ የሚያሰኝ መጨረሻ ነው። ልጃቸው ለጠፋባቸው ሽማግሌ ግን እንዴት ተደርጎ ይነገራል? መጣ ብላቸው ማንም አያጣራም።

«አልመጣም አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠበቁት ነገር ነበር መሰለኝ።  ከድንኳኑ ማዶ ሴቶቹ ያለቅሳሉ።

«እናትየዋስ በማግስቱ ወደ መንገዱ ትወርዳለች?» አሉ።

በማግስቱን አስቤው አላውቅም። አንድም ቀን። በሩ ከተከፈተ በኋላ ሴትዮዋ ምን እንደምትሆን አልጻፍኩም፣ አልቀረጽኩም፣ አክስቴንም አልጠየቅኳትም።

«ትወርዳለች» አልኳቸው።

«እንግዲያው አላለቀማ» አሉኝ፤ እኔን ሊያጽናኑ ፈልገው ይመስል እጄን ያዙኝ። «ይጠይቁሻል» ብለውኝ ነበር፤ ለጋሽ አራጌ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።